እትብት ከመቆረጡ በፊት፤ የመተንፈሻ መንገዱ የተዘጋ ጽንስ ስለሚረዳበት ዘዴ

ጽንስ በእናቱ ማኅፀን ውስጥ ሳለ አየር አይተነፍስም፤ ከተወለደ በኋላ ግን ያለ አየር ከጥቂት ደቂቃ በላይ መኖር አይችልም። ከአንደኛው ኑሮ ወደ ሁለተኛው የሚሻገርበት ጊዜ እጅግ አጭር ነው። የጉሮሮው መንገድ ደኅና የሆነ ሕፃን ይህን ጊዜ አልቅሶ ያልፈዋል። መንገዱ ለተዘጋበት ሕፃን ግን እትብቱ የተቆረጠበት ደቂቃ ሕይወቱ የምታልፍበት ደቂቃ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው፥ የመተንፈሻ መንገዱ መዘጋቱ የታወቀ ጽንስ በምን ዘዴ እንደሚረዳና ዘዴውም በምን ምክንያት ላይ እንደተመሠረተ ነው። እንዲህ ያለው ሕመም ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም አይደለም። ሆኖም በውስጡ ያለው ትምህርት በማናቸውም ወሊድ አጠገብ ለሚቆም ሁሉ ይጠቅማል ብለን እናምናለን። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጽንስ በማኅፀን ውስጥ የሚኖርበት ሁኔታ

አዋቂ ሰው በሳንባው የሚሠራውን ሥራ ጽንስ በእንግዴ ልጅ ይሠራዋል። የእናቲቱ ደም በእንግዴ ልጅ በኩል ለጽንሱ ኦክስጅን ይሰጣል፥ የተቃጠለውንም አየር ይቀበላል፤ የሁለቱ ደም ግን አይቀላቀልም። ኦክስጅን የያዘው ደም በእትብት ውስጥ ባለው የደም ሥር ወደ ጽንሱ ይገባል።

በዚህ ጊዜ ሳንባዎቹ ሥራ ፈት አይደሉም፤ ውሃ ያመነጫሉ። ይህም ውሃ በአየር ቧንቧና በማንቁርት በኩል ወደ ላይ ወጥቶ፥ ከፊሉን ጽንሱ ይውጠዋል፤ ከፊሉም ከሽርት ውሃ ጋር ይቀላቀላል። ሳንባ በደኅና የሚያድገው ውሃው በመጠኑ ሲመነጭና በመጠኑ ሲወጣ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር እንረዳለን። አንደኛ፤ የጽንሱ ጉሮሮ ጨርሶ ቢዘጋም እንኳ፥ የእንግዴ ልጁ ከማኅፀን ግድግዳ ጋር ተያይዞ ደሙም በእትብቱ እስከተመላለሰ ድረስ፥ ጽንሱ በትንፋሽ እጦት አይሞትም። ሁለተኛ፤ መውጫ ያጣው የሳንባ ውሃ ግን በውስጥ እየተጠራቀመ የራሱን ጉዳት ያመጣል። ከዚህ በታች የምንናገረው ሁሉ ከእነዚህ ከሁለቱ ነገሮች የሚወጣ ነው።

መንገዱ የሚዘጋባቸው ምክንያቶች

ምክንያቶቹን በሦስት ክፍል ልናያቸው እንችላለን።

የመጀመሪያው ክፍል መዘጋቱ በቧንቧው ውስጥ ሲሆን ነው። ማንቁርት በጽንሱ የመጀመሪያ ወራት ከተደፈነ በኋላ ተመልሶ መከፈት ሲገባው ሳይከፈት ይቀራል፤ ወይም የአየር ቧንቧው ራሱ ሳይሠራ ይቀራል፤ ወይም ውሃ የቋጠረ ከረጢት መንገዱን ይሞላዋል። በዚህ ጊዜ ሳንባዎቹ በውሃ ተነፍተው ከመጠን በላይ ይተልቃሉ። ደረትንና ሆድን የሚለየው ድያፍራም የሚባለው ጡንቻ ጠፍጣፋ ይሆናል፥ አልፎም ወደ ሆድ ይጎብጣል። ልብ በሁለቱ ሳንባዎች መካከል ይጨመቃል። ወደ ልብ የሚመለሰው ደም መንገድ ሲጠበው፥ በሆድ ውስጥና ከቆዳ በታች ውሃ ይቋጠራል። የአሜሪካ ሐኪሞች እነዚህን ምልክቶች በ1994 በአንድነት ሰብስበው ካኦስ የሚል አጭር ስም ሰጧቸው። ስሙ በእንግሊዝኛ ከተፈጥሮ የሆነ የላይኛው አየር መንገድ መዘጋት ከሚለው ሐረግ የመጀመሪያ ፊደላት የተውጣጣ ነው። አንዳንድ ጊዜ በተዘጋው ክፍል ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ሽንቁር ትገኛለች። ውሃው በእርሷ በኩል ጥቂት በጥቂት ስለሚወጣ የእነዚህ ጽንሶች ዕድል ከሌሎቹ የተሻለ ነው።

ሁለተኛው ክፍል መንገዱ ራሱ ደኅና ሆኖ ከውጭ ሲጫኑት ነው። ቴራቶማ የሚባለው ልዩ ልዩ የሥጋ ዓይነት የተቀላቀለበት ዕባጭ በአንገት ላይ ሲበቅል፥ ወይም የሊምፍ ውሃ የቋጠሩ ከረጢቶች አንገቱን ሲከቡት፥ የአየር ቧንቧው ይጣመማል ወይም ይጨፈለቃል። የጽንስ እንቅርትም እንዲሁ ሊያደርግ ይችላል። እናቲቱ ለእንቅርት ሕመም የምትወስደው መድኃኒት ወደ ጽንሱ አልፎ የእርሱን እንቅርት የሚያሳብጥበት ጊዜ አለ። ይህ ሲታወቅ የእናቲቱን መድኃኒት መቀነስ፥ ካስፈለገም የታይሮይድ ሆርሞን በመርፌ ወደ ሽርት ውሃው መስጠት፥ ዕባጩን ከወሊድ በፊት ሊያጎድለው ይችላል።

ሦስተኛው ክፍል የአፍ፥ የመንጋጋና የአፍንጫ ጉድለት ነው። የታችኛው መንጋጋ እጅግ ሲያንስ ምላስ ወደ ኋላ ወድቆ ጉሮሮን ይደፍናል። ይህን ሁኔታ ፈረንሳዊው ሐኪም ፒየር ሮቢን በ1923 ስለገለጠው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ከላንቃ ተነሥቶ በአፍ በኩል ወደ ውጭ የሚያድግ ዕባጭም ከዚሁ ክፍል ይቈጠራል።

ትንሽ ጥበት በሕፃን ላይ ለምን ትልቅ ጉዳት እንደሚያደርስ በቍጥር ማሳየት ይቻላል። አንድ ቧንቧ 4 ሚሊሜትር ስፋት አለው እንበል። የውስጥ ግድግዳው ዙሪያውን በ1 ሚሊሜትር ቢያብጥ፥ የቀረው ስፋት 2 ሚሊሜትር ነው። አየር የሚያልፍበት ቦታ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ቀጥ ብሎ ለሚፈሰው አየር ያለው እንቅፋት ግን 16 ጊዜ ይበዛል፤ ምክንያቱም እንቅፋቱ የሚለካው በስፋቱ አራተኛ ኀይል ስለ ሆነ ነው። ያው የ1 ሚሊሜትር እብጠት በአዋቂ ሰው ላይ ቢሆን ድምፅ ከማጎርነን ብዙም ላያልፍ ይችላል።

አስቀድሞ የሚታወቅበት መንገድ

ይህ ዓይነቱ ሕመም ከወሊድ በፊት ካልታወቀ የሚቀረው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ከታወቀ ግን ሳምንታት ይገኛሉ። ስለዚህ የሕክምናው የመጀመሪያ እርምጃ ማወቅ ነው።

ለማወቅ ዋናው መሣሪያ አልትራሳውንድ ነው። በመካከለኛው የእርግዝና ጊዜ፥ በተለይ ከ18ኛው እስከ 22ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ፥ የጽንሱን አካል በዝርዝር ለማየት ይቻላል። ካኦስ ያለበት ጽንስ ሳንባዎቹ ተልቀውና ነጥተው ይታያሉ፤ ድያፍራሙም ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ከመዘጊያው በታች ያለው የአየር ቧንቧ በውሃ ተወጥሮ ይገኛል። የአንገት ዕባጭም እንደዚሁ በግልጽ ይለያል። የቧንቧውን መጣመም በይበልጥ ለማየት ሲያስፈልግ ኤም. አር. አይ. የተባለው መሣሪያ ይጨመራል።

መሣሪያው ሳይኖር እንኳ አዋላጅን ሊያስጠረጥር የሚገባ አንድ ምልክት አለ፤ ይኸውም የሽርት ውሃ መብዛት ነው። ዕባጩ የምግብ ቧንቧውን ሲጫነው ጽንሱ መዋጥ ያቅተዋል፤ ያልተዋጠውም ውሃ በማኅፀን ውስጥ ይጠራቀማል። እርግጥ የሽርት ውሃ የሚበዛበት ሌላም ብዙ ምክንያት አለ፤ ለምሳሌ የእናቲቱ የስኳር በሽታ። ሆኖም የሆዷ መጠን ከእርግዝናዋ ወራት በላይ የሆነች እናት ወደ ምርመራ ልትላክ ይገባል።

ሕመሙ ከታወቀ በኋላ በማኅፀን ውስጥ ሳለ የሚደረግም ሕክምና አለ። ውሃ የቋጠረን ዕባጭ በመርፌ ማጉደል ይቻላል። በጥቂት ማዕከሎችም ቀጭን መነጽር ወደ ማኅፀን አስገብቶ፥ ማንቁርትን የዘጋውን ሽፋን በሌዘር ጨረር መብሳት ተሞክሯል። ዋናው ሕክምና ግን በወሊዱ ሰዓት የሚደረገው ነው።

ኤክሲት ስለሚባለው ቀዶ ሕክምና

የዚህ ቀዶ ሕክምና አመጣጥ የሚያስደንቅ ነው። ድያፍራማቸው ቀዳዳ ያለበት ጽንሶች አንጀታቸው ወደ ደረት ስለሚገባ ሳንባቸው ሳያድግ ይቀራል። በሳን ፍራንሲስኮ የነበሩት ማይክል ሃሪሰንና ባልደረቦቹ፥ የአየር ቧንቧው ሆን ተብሎ ቢዘጋ የሳንባው ውሃ ተጠራቅሞ ሳንባውን እንደሚያሳድገው ተገነዘቡ። ነገር ግን በመቆንጠጫ የተዘጋ ቧንቧ ያለው ልጅ ሲወለድ መተንፈስ አይችልም። ስለዚህ ልጁ ከእንግዴ ልጁ ሳይለይ መቆንጠጫውን የማንሣት ዘዴ አስፈለገ። ዘዴው ኤክሲት ተብሎ በ1997 በጽሑፍ ወጣ። ከዚያ ቀደምም አንዳንድ ሐኪሞች የአንገት ዕባጭ ባለባቸው ሕፃናት ላይ ተመሳሳይ ነገር ሞክረው ነበር። እንግዲህ ሰው ራሱ የዘጋውን ለመክፈት የተበጀው ዘዴ፥ ተፈጥሮ የዘጋውን ለመክፈት ዋለ።

ኤክሲት ከተራው የሆድ ቀዶ ወሊድ ጋር ሲነጻጸር ግቡ ተቃራኒ ነው። በተራው ቀዶ ወሊድ ሐኪሙ ልጁን ፈጥኖ ያወጣል፥ እትብቱን ይቆርጣል፤ ማኅፀኑም ደም እንዳይፈስ ቶሎ እንዲኮማተር ይፈልጋል። በኤክሲት ግን ማኅፀኑ እንዲኮማተር አይፈለግም። ከተኮማተረ የእንግዴ ልጁ ይላቀቃል፤ የእንግዴ ልጁ ከተላቀቀ ደግሞ ልጁ ያለውን ብቸኛ ሳንባ አጣ ማለት ነው። ማኅፀኑ ላልቶ፥ የእናቲቱም የደም ግፊት ሳይወርድ መቆየት አለበት።

ሥራው በቅደም ተከተል እንደሚከተለው ነው።

1ኛ፤ እናቲቱ እንደ ሴቮፍሉሬን ያለ የሚተን ማደንዘዣ ከተለመደው ከፍ ባለ መጠን ይሰጣታል። ይህ ማደንዘዣ ማኅፀንን ያላላል፤ በእንግዴ ልጅ በኩል አልፎም ጽንሱን ያደነዝዛል። የደም ግፊቷ እንዳይወርድ የሚረዳ መድኃኒት አብሮ ይሰጣታል።

2ኛ፤ የእንግዴ ልጁ ያለበት ቦታ በአልትራሳውንድ ይለያል፤ ማኅፀኑም ከእርሱ ርቆ ይቀደዳል። የላላ ማኅፀን ብዙ ደም ስለሚያፈስ፥ ጠርዙን እየቆረጠ ወዲያው በሚሰፋ ልዩ መሣሪያ መጠቀም የተለመደ ነው።

3ኛ፤ የልጁ ራስ፥ አንገትና ትከሻ ብቻ ይወጣሉ። የቀረው አካሉና እትብቱ በማኅፀን ውስጥ ይቆያሉ፤ የሞቀ ፈሳሽም ወደ ውስጥ ይገባል። ይህ የሚደረገው ማኅፀኑ ባዶ መሆኑ ተሰምቶት እንዳይሰበሰብ፥ እትብቱም እንዳይጫንና እንዳይቀዘቅዝ ነው።

4ኛ፤ በልጁ እጅ ላይ የኦክስጅን መለኪያ ይታሰራል፤ ልቡም በአልትራሳውንድ ይጠበቃል። እንዳይንቀሳቀስና ሕመም እንዳይሰማው ለእርሱም መርፌ ይሰጠዋል። በዚህ ጊዜ የሚነበበው የኦክስጅን መጠን ከመቶ 60 እስከ 70 ቢሆን አያስደነግጥም፤ የጽንስ ተፈጥሮ ነውና። ከ40 በታች ሲወርድ ግን የእንግዴ ልጁ ሥራ መድከሙን ያመለክታል።

5ኛ፤ የመተንፈሻ መንገዱ ይፈለጋል። አስቀድሞ በላሪንጎስኮፕ አይቶ በአፍ በኩል ቱቦ ማስገባት ይሞከራል። ካልሆነ ብሮንኮስኮፕ በሚባለው መነጽር ይሞከራል። ይህም ካልሆነ አንገቱ ከፊት ተቀዶ በአየር ቧንቧው ላይ ቀዳዳ ይከፈታል። ዕባጩ ለዚህ እንኳ ቦታ ከከለከለ ውሃው በመርፌ ይጎድላል፥ ወይም ዕባጩ ራሱ በከፊል ይነሣል።

6ኛ፤ ቱቦው በትክክለኛው ቦታ መግባቱ፥ ሳንባውም አየር መቀበሉ ሲረጋገጥ ብቻ እትብቱ ይቆረጣል። ወዲያው ማደንዘዣው ይቀነሳል፤ ማኅፀኑን የሚያኮማትር ኦክሲቶሲን ለእናቲቱ ይሰጣል። ኦክሲቶሲኑ ቀድሞ ቢሰጥ ልጁን ይጎዳል፥ ዘግይቶ ቢሰጥ እናቲቱን ያደማል። ስለዚህ በክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ አንዱ የሌላውን ቃል መጠበቅ አለባቸው።

የእናቲቱ ጉዳይ

ኤክሲት በአንድ ጊዜ በሁለት ሰዎች ላይ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ነው፤ ከሁለቱም አንዷ ጤነኛ ናት። ማኅፀኗ እንዲላላ መደረጉ ለደም መፍሰስ ያጋልጣታል። ማኅፀኑ የተቀደደበት ስፍራና አኳኋን ደግሞ የሚቀጥለውን ልጅ በምጥ እንዳትወልድ ሊከለክላት ይችላል። ስለዚህ ዘዴው ለሁሉ የሚታዘዝ አይደለም። መንጋጋው በመጠኑ ያነሰ ወይም አንገቱ ላይ ለስላሳና ትንሽ ዕባጭ ያለበት ሕፃን፥ የተዘጋጁ ሐኪሞች አጠገቡ ካሉ በተለመደው መንገድ ተወልዶ ሊረዳ ይችላል።

ልጁም ቢተርፍ ነገሩ በዚያ አያበቃም። ማንቁርቱ ተዘግቶ የተወለደ ሕፃን አንገቱ ላይ በገባ ቱቦ ለዓመታት ሊተነፍስ ይችላል፤ ድምፁን ለማግኘትም ሌላ ቀዶ ሕክምና ያሻዋል። ቱቦው በአክታ እንዳይደፈን ሌትና ቀን የሚጠብቀው ሰው በቤት ውስጥ መኖር አለበት። አንዳንዶቹም የኩላሊት፥ የዓይን ወይም የጣቶች ጉድለት አብሯቸው ይወለዳል። እናትና አባት ይህን ሁሉ በሚገባቸው ቋንቋ ሰምተው መወሰን ይገባቸዋል። ከተሳካ ቀዶ ሕክምና ጋር ብቻ የተዋወቀ ምክር ሙሉ ምክር አይደለም።

አስቀድሞ ሳይታወቅ ሲቀር

ሕመሙ ሳይታወቅ በምጥ ለተወለደ ሕፃን እትብትን ሳይቆርጡ ማቆየት እንደ ኤክሲት ሊቈጠር አይገባም። ልጁ ከወጣ በኋላ ማኅፀኑ ስለሚሰበሰብ የእንግዴ ልጁ ሥራ በደቂቃዎች ውስጥ ይደክማል። ስለዚህ የሚረዳው የአዋላጁ ፈጣን አስተያየት ነው።

ሕፃኑ ለመተንፈስ ደረቱን እየሳበ ድምፅ ከሌለው፥ መንገዱ መዘጋቱን መጠርጠር ይገባል። ሲያለቅስ ቀልቶ ዝም ሲል የሚጠቁር ከሆነ የኋላው የአፍንጫ ቀዳዳ ተዘግቶ ይሆናል፤ አራስ ሕፃን ባመዛኙ በአፍንጫው ስለሚተነፍስ፥ በአፉ የሚገባ አጭር የአየር መንገድ መሣሪያ ብቻ ሊያድነው ይችላል። መንጋጋው ትንሽ የሆነውን በሆዱ ማስተኛት ምላሱን ወደ ፊት ያመጣዋል። በጭንብልና በከረጢት ሲነፉለት ደረቱ የማይነሣ ከሆነ የራሱን አቀማመጥ ማስተካከል፥ አፉን ማየት፥ ከዚያም ወደ ቱቦ ማለፍ ያስፈልጋል።

በዚህ ረገድ ልማድ ሁሉ እውቀት አለመሆኑን ማስታወስ ይገባል። ሕፃኑ በማኅፀን ውስጥ ዓይነ ምድር ከለቀቀ፥ ትከሻው ሳይወጣ አፍና አፍንጫውን መምጠጥ ለብዙ ዓመታት እንደ ግዴታ ይታይ ነበር። በ2004 የታተመ ትልቅ የንጽጽር ጥናት ግን ይህ ልማድ እንደማይጠቅም አሳየ። በ2015 የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያም ደክሞ የተወለደውን እንኳ በቱቦ መምጠጥ የዘወትር ሥራ መሆኑን አስቀረ፤ ምክንያቱም መምጠጡ አየር የመስጠቱን ሥራ ስለሚያዘገይ ነው። መምጠጥ የቀረው መንገዱ በእርግጥ ለተደፈነበት ሕፃን ነው።

በአገራችን ያለው ሁኔታ

ኤክሲት የሠለጠኑ ብዙ እጆችንና ውድ መሣሪያ ይጠይቃል፤ ለእናቲቱና ለልጁ የተለያዩ የማደንዘዣ ባለሙያዎች ሳይቀር ያስፈልጋሉ። ስለዚህ ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይጠቅመናል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በ2016 በኢትዮጵያ የተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት እንዳሳየው፥ ከዚያ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት ከተወለዱት መካከል በጤና ተቋም የተወለዱት ከመቶ 26 ነበሩ፤ በ2019 በተደረገው አነስተኛ ጥናት ቍጥሩ ወደ 48 ከፍ ብሏል። ይህ ታላቅ እርምጃ ነው። ይሁን እንጂ በተቋም መውለድ ብቻውን የጽንሱን ጉሮሮ አስቀድሞ አያሳይም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ባወጣው ምክር እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ አልትራሳውንድ እንድትታይ ይላል።

በእኛ አስተያየት መጀመር ያለበት ከዚህ ላይ ነው። አንድ ምርመራ በጊዜው ቢደረግ፥ መርማሪውም ከጽንሱ ራስና ጭን ልኬት ጋር አንገቱንና ሳንባውን ማየት ቢለምድ፥ እናቲቱ ምጧ ሳይመጣ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ልትላክ ትችላለች። እዚያም የማዋለጃ፥ የማደንዘዣ፥ የጉሮሮና የሕፃናት ሐኪሞች በአንድ ክፍል ተገኝተው ሥራቸውን ተከፋፍለው ይጠብቋታል። ሙሉው ኤክሲት ባይደረግ እንኳ፥ በሩን ከፍተው የሚጠብቁት ሕፃንና ሳይታሰብ የመጣ ሕፃን ዕድላቸው አንድ አይደለም።

በዚህ ጥናት ዋና ሆኖ ያገኘነው ነገር ይህ ነው፤ የመተንፈሻ መንገዱ የተዘጋበት ሕፃን የሚድነው በእጅ ፍጥነት ብቻ ሳይሆን በሥራ ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ማወቅ፥ ቀጥሎ መዘጋጀት፥ ቀጥሎ የትንፋሹን መንገድ ማግኘት፥ እትብት መቁረጥ የመጨረሻው ነው። መምህሮቻችንና የትምህርት ጓደኞቻችን በሆስፒታል ከሚያዩት ጋር አስተያይተው የጎደለውን ቢሞሉበት፥ የተሳሳተውንም ቢያርሙበት፥ ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀበትን ዓላማ ያገኛል።